ቀዩን ጨርቅ የከለከልኩት እኔ ነኝ

ሥራዬ ምን እንደነበረ ለሰው ማስረዳት እንዳቃተኝ ጡረታ ወጣሁ። ጎረቤቶቼ «ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበረች» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ሸማኔ አልነበርኩም፣ መካኒክም ጸሐፊም አልነበርኩም። መታወቂያዬ ላይ «የአሠራር ጥናት ሠራተኛ» ይል ነበር። ከበላይ አዲስ መመሪያ ሲመጣ፣ ወይም ፋብሪካው ራሱ አንድን ሥራ በሌላ መንገድ ልሥራ ሲል፣ ያን ወረቀት ላይ ያለ ነገር ሰው እጅ ላይ ማድረስ ነበር የኔ ድርሻ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሰው ሲጠይቃት «እሷማ የሰው ሥራ ስታይ ነው የምትውለው» ትል ነበር። ከዚህ የተሻለ የገለጸው አላጋጠመኝም።

ባለፈው ሰሞን የአንድ መሥሪያ ቤት ወጣቶች «ልምድዎን ያካፍሉን» ብለው ጠሩኝ። አዲስ የኮምፒዩተር አሠራር ሊያስገቡ ነው። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ እያበሩ አሳዩኝ፤ ሳጥኖቹም ቀስቶቹም ያምራሉ። «ይህን የሚሠራበት ሰው የት ነው የሚቀመጠው? አይታችሁታል?» አልኳቸው። አንዷ ልጅ በትሕትና «ማዘር፣ እሱ በሥልጠናው ጊዜ ይነገረዋል» አለችኝ። አልተቆጣኋትም። በእሷ ዕድሜ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ፋብሪካው ንፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። የውጭ አገር ሰው የነበረው ባለቤቱ ሄዶ፣ መንግሥት ከወረሰው በኋላ ነው የተቀጠርኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ መካኒሳ አቦ አክስቴ ጋ ገብቼ ነበርና ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄድ ነበር። ያኔ ላፍቶ እርሻ ነው። ጥቅምት ላይ ከፋብሪካው የኋላ መስኮት ሲታይ ጤፉ ወርቅ መስሎ ይተኛል፤ ማሽኖቹ ለምሳ ሲቆሙ ገበሬው በሬውን በኦሮምኛ ሲያባብል ይሰማል። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ሱቅና ፎቅ ነው። የትኛው ፎቅ የትኛው ማሳ ላይ እንደቆመ ለማወቅ እየሞከርኩ፣ መውረጃዬ ያልፈኛል።

የኛ ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ነበራት፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የአቶ ወርዶፋ። አቶ ወርዶፋ በድሮው ባለቤት ዘመን በመካኒክነት ጀምረው፣ በራሳቸው ጥረት እዚያ የደረሱ ሰው ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ ካኪ ካፖርታቸው የማይለያቸው። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ቀን «ቅጽ ማውጣት መቼ ነው የሚያስተምሩኝ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ መቆም ተማሪ» አሉኝ።

የምራቸውን ነበር። ማበጠሪያ ክፍል ይዘውኝ ገቡ። ሱፉ ከቦንዳው ወጥቶ ባለ ጥርስ ሲሊንደሮች ላይ እየተበጠረ እንደ ደመና የሚወጣበት ክፍል ነው። አየሩ ነጭ ነው፤ ብናኙ ቅንድብ ላይ ይቀመጣል። ግድግዳ ጥግ አቆሙኝና «ሦስት ቀን እዚህ ነሽ። አትጻፊ፣ አትጠይቂ፣ እይ ብቻ» ብለውኝ ሄዱ። እግሬ አብጦ ማታ አክስቴ በሙቅ ውሃ አጠበችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን መካኒኮቹ ቁልፍ የሚያስቀምጡበትን ኪስ፣ ኦፕሬተሮቹ የሚሠሩበትን እጅ፣ ማሽኑ ሊቆም ሲል የሚለውጠውን ድምፅ ሳይቀር አወቅኩ። ያኔ መጡና «አሁን ቅጽ ላይ መነጋገር እንችላለን» አሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዲስ አሠራር አስረድተው ሲጨርሱ «ገባችሁ?» ብለው አይጠይቁም። «ገባችሁ ስትያቸው ሁሉም አዎ ይላል፤ አዎ ማለት ሥራ አይደለም» ይላሉ። ይልቅ አንዱን መርጠው «እስቲ አሳየኝ» ነው የሚሉት። ሰውየው ሲሠራ ከተደናገረ ጥፋቱን ወረቀቱ ላይ ይፈልጋሉ፤ ሰውየው ላይ አይፈልጉም። አዲሱን ነገርም በአንድ ማሽን በአንድ ፈረቃ ወር ሙሉ ሳይሞክሩ ወደ ሌላው አያሻግሩም።

መጀመሪያ አብረን የለወጥነው የመለዋወጫ አወጣጥን ነው። መካኒክ አንድ ቀበቶ ሲበጠስበት ወደ መጋዘን ይሄዳል፣ ከዚያ ቢሮ ለፊርማ፣ ተመልሶ መጋዘን፤ ማሽኑ በዚህ መሃል ቆሟል። አንዱን መካኒክ ኋላ ኋላው እየተከተልን እርምጃውን ቆጠርን። ፊርማው ምንም የማይጠቅም መሆኑ ለኔ በአንድ ጊዜ ታየኝ፤ «ይሰረዝ» አልኩ። ፈራሚው አቶ ግርማ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አቶ ወርዶፋ «የሳቸውን ፊርማ ስትሰርዢ ምን እንደምትወስጂባቸው አስበሻል?» አሉኝ።

«ሥራ ይቀልላቸዋል እንጂ ምን እወስድባቸዋለሁ?»

«ከበሬታቸውን። በቀን ሃያ ሰው በራቸውን የሚያንኳኳው ለዚያች ፊርማ ነው። አዲስ አሠራር ስታመጪ ከሰው የምትወስጂውን አስቀድመሽ እወቂ፤ ወይ አትውሰጂ፣ ወይ በቦታው ሌላ ተኪ።» ከዚያ ሄደው አቶ ግርማን፣ የሳምንቱን ወጪ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እያዩ የትኛው ማሽን እንደሚያስቸግር ለአለቃ እንዲነግሩ ለመኗቸው። ሽማግሌው በዚያ ሥራ እስከ ጡረታቸው ኮሩ።

አምስት ዓመት እንዲህ ሠራን። ከዚያ የበላይ ኮርፖሬሽኑ አቶ ወርዶፋን ድሬዳዋ ወዳለ ፋብሪካ አዛወራቸው። ያን ጊዜ ዝውውር ሲመጣ «እሺ» ነው፣ ሌላ መልስ የለም። በተሰናበቱን ቀን ጠረጴዛቸውን ባዶ አድርገው አዩትና «ብዙ ወረቀት አለመተዌ ደስ ይላል» ብለው ወጡ። ክፍሉ ለኔ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

በሌላ በኩል የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ደርሶ፣ እኔ ከሥራ ሰዓት በኋላ ለሠራተኞች ፊደል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ጋሽ ሙዘይን ነው። የማበጠሪያ ክፍሉ አንጋፋ መካኒክ፣ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ የመጣ፣ ማሽኑን በጆሮው የሚያክም ሰው። ሲሊንደሩ ላይ እጁን ጣል አድርጎ «ይሄ ነገ ይቆማል» ካለ ይቆማል። ፊደል ግን አልሆነለትም። ክፍል ውስጥ ሌላው ሲያነብ ከኋላ አብሮ ይላል እንጂ ብቻውን አንብብ ሲባል ያስለዋል። አውቅ ነበር። ግን ከሥራ አስኪያጁ ከጓድ ፈለቀ ዘንድ «ሁሉም ማለፍ አለበት፣ ሪፖርቱ መቶ በመቶ ነው» የሚል ቃል ወርዷል። ለጋሽ ሙዘይንም የምስክር ወረቀት ጻፍኩ። በሁለት እጁ ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

በዓመቱ የደኅንነትና የጥገና መመሪያ ከኮርፖሬሽኑ መጣ። ከአብዮት በዓል በፊት ጎብኚዎች ስለሚመጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ በመላው ፋብሪካ እንዲተገበር ታዘዘ። እስከዚያ ድረስ መካኒክ ማሽን ውስጥ ሊገባ ሲል ማብሪያው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ጨርቁን ያሰረው ሰው ራሱ ካልፈታ ማንም አይነካውም። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። መመሪያው ግን የታተመ ካርድ ይላል። ጓድ ፈለቀ ቢሮዬ መጥተው «ፋብሪካ ነው የልብስ ማስጫ? ያ ቡትቶ ሁሉ ይውረድ» አሉኝ።

ሁለት ዓይነት ካርድ አሳተምኩ። አንዱ «አይከፈት»፣ ሌላው «ዝግጁ ነው» ይላል። ባለ ቀለም ካርቶን ስላልተገኘ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ መጠናቸውም አንድ ነው። አንድ ቀን ሙሉ በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ገለጻ ሰጠሁ። «ገባችሁ?» አልኩ። «አዎ» አሉ።

በማግስቱ ጋሽ ሙዘይን ሁለቱን ካርዶች ይዞ ቢሮዬ መጣ። ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ጥሩወርቅ፣ ልጄ፣ ጨርቁም አብሮ ቢታሰር ምናለ?»

«መመሪያው አይፈቅድም፣ ጋሼ።»

«ለኔ ብቻ። ለምዶብኝ ነው።»

ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት ክምር ነበር። ቀና ሳልል «ምን ያስፈልግሃል? ማንበብ ትችላለህ አይደል? ያስተማርኩህ እኔው» አልኩት።

ካርዶቹን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሳቅ ብሎ «እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ሄደ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ከምሳ በኋላ ነው፤ ከማበጠሪያ ክፍል ጩኸት ሰማሁ። የማሽን ጩኸትና የሰው ጩኸት ይለያል። ስደርስ ጋሽ ሙዘይንን መሬት ላይ አስተኝተው ቀኝ እጁን በሱፍ ጠቅልለውታል፤ ሱፉ ቀልቷል። አዲስ የተቀጠረችው ኦፕሬተር ግድግዳ ተደግፋ «ዝግጁ ነው ይላል፣ ዝግጁ ነው ይላል» እያለች ትጮኻለች። እውነቷን ነው። ማብሪያው ላይ የተሰቀለው ካርድ «ዝግጁ ነው» ይላል። የሰቀለው ጋሽ ሙዘይን ነው፤ እጁ ውስጥ ሳለ እሷ ካርዱን አንብባ ማሽኑን አስነሣችው። ሦስት ጣቶቹ ሄዱ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጓድ ፈለቀ ሰብሳቢ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበርና የሒሳብ ክፍል ኃላፊው አባላት። እኔን አስጠሩኝ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ ጓድ ፈለቀ። «ሰውየው ማንበብ ይችላል፤ አሳስቶ ከሰቀለ የራሱ ቸልተኝነት ነው፣ ከሥራ ይሰናበታል። ማንበብ አይችልም ካልሽ ደግሞ የምስክር ወረቀቱን የፈረምሽው አንቺ ነሽ፤ የፋብሪካውን ሪፖርት ሐሰት ነው እያልሽ ነው። ነገ መልስሽን ይዘሽ ነይ።»

በዚያ ዘመን የዘመቻ ሪፖርት ሐሰት ነው ማለት ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም።

ሐና ማርያም አካባቢ ጋሽ ሙዘይን ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ወይዘሮ ዘይነባ በሩን ከፍታ በርጩማ አቀረበችልኝ፤ ቁጣ እጠብቅ ነበርና ደግነቷ ባሰብኝ። እሱ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ የታሰረው እጅ ትራስ ላይ ነው። የመጣሁበትን ነገርኩት፤ እውነቱን ልናገር መሆኑንም።

«አይሆንም» አለ። «ይችላል በያቸው።»

«ከሥራ ያስወጡሃል እኮ፣ ጋሼ።»

«ያስወጡኝ። ይኸውልሽ፣ ያን ወረቀት ያመጣሁ ቀን ልጆቼ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። አባቴ ተማረ ብለው። አሁን እኔ ፋብሪካ ሙሉ ሰው ፊት ማይም ነው ተብሎ ተጽፎብኝ ልጆቼን በምን ዓይን አያለሁ? ጣቴን ወስዶታል፣ ይበቃል።»

ቀና ስል የምስክር ወረቀቱ ከአልጋው በላይ በመስታወት ተሰቅሏል። የኔ ፊርማ ከታች አለ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ቀን ጨምሩልኝ ብዬ ለመንኩና ስልክ ቤት ሄድኩ። ድሬዳዋ እስኪያገናኙኝ ብዙ ጠበቅኩ። የአቶ ወርዶፋ ድምፅ ከሩቅ መጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ጠየቁኝ፦

«ካርዱን ከማውጣትሽ በፊት ማሽኑ ዘንድ ስንት ቀን ቆመሽ ነበር?»

«አልቆምኩም።»

ስልኩ ውስጥ ነፋስ የመሰለ ነገር ሲንሿሿ ቆየ። «እንግዲያው አሁን ቁሚ» አሉና ዘጉ።

ስልክ ቤቱ በር ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ፋብሪካ ተመልሼ ማበጠሪያ ክፍል ገባሁ፤ ድሮ ያቆሙኝ ጥግ ላይ ቆምኩ። የቀረውን ቀን ሁሉ መካኒኮቹን አየሁ፤ አብዛኞቹ አንባቢ ናቸው። ካርዱን ሲሰቅሉ አንዳቸውም አያነቡትም። እጃቸው ግራሶ ነው፣ ዓይናቸው ውስጥ ብናኝ አለ፣ አምፖሉ ከኋላቸው ነው፤ ከደረት ኪሳቸው በዳበሳ ያወጡና ይሰቅላሉ። በሦስት ሳምንት ካርዶቹ ጠቁረው ጽሑፉ ካልጠረጉት አይለይም። በዚያች አንድ ቀን ብቻ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ካርድ ሲሰቀል አየሁ፤ አንዱን የሰቀለው ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ነው። የጋሽ ሙዘይንን ማንበብ አለማንበብ ማንሳት ሳያስፈልግ እውነቱ እዚያ ማብሪያው ላይ ተንጠልጥሏል።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ «መልሴን እዚህ መስጠት አልችልም፤ ማበጠሪያ ክፍል እንውረድ» አልኩ። ጓድ ፈለቀ ግራ ገባቸው፤ ሊቀመንበሩ «እንይ፣ ምን ቸገረን» ሲሉ ተነሡ። እዚያ የሦስቱንም መዳፍ ግራሶ ቀባሁ። ያገለገሉትን ሁለት ካርዶች በየኪሳቸው ከተትኩ።

«ማሽኑ ቆሟል፤ ልትገቡበት ነው። እስቲ ስቀሉና አሳዩኝ።»

ሊቀመንበሩ አገላብጠው አይተው በመጨረሻ አገኙት። የሒሳብ ክፍል ኃላፊው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያነቡ የሚውሉ ሰው፣ ፈጠን ብለው ሰቀሉና ወደ ኋላ አሉ። ጓድ ፈለቀ ጠጋ ብለው ካርዱን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት። «ዝግጁ ነው» ይላል።

«ካርዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጨርቁን የከለከልኩትም እኔ ነኝ። ጋሽ ሙዘይን ጨርቁ ይቆይልኝ ብሎ ለምኖኛል፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ።»

እንደዚያው ጻፉ። ጓድ ፈለቀ ትእዛዙ ከሳቸው መውረዱን አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ጋሽ ሙዘይን በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ነው ተብሎ ሥራው ጸና። ቀዩ ጨርቅ ተመለሰ፤ ለየመካኒኩ ጠርዙ ተሰፍቶ ታደለ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀብዬ ከቢሮዬ ተነሣሁና ሱፍ መጋዘን ቦንዳ መዝጋቢ ሆንኩ። ስለ ምስክር ወረቀቱ ግን አፌን አልከፈትኩም፤ በመንግሥት ለውጥ ጊዜም፣ ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ሁለት መሥሪያ ቤቶችም አልተናገርኩም። ወይዘሮ ዘይነባም ጋሽ ሙዘይንም አሁን የሉም፤ ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ደርግን አልናፍቅም። ስብሰባውን፣ መፈክሩን፣ ሰው ከሥራ ቀርቶ የት ሄደ የማይባልበትን ጊዜ ማን ይናፍቃል? የሚናፍቀኝ ግን አለ። የጠዋቱ መንገድ፣ ሳይረን ሲነፋ ከየአቅጣጫው የሚንጋጋው ሰው፣ ቅንድቡ በብናኝ የነጣ ሰው ሲስቅ። አቶ ወርዶፋ እዚያው ድሬዳዋ አርፈው መርዶውን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው፤ ቆሜ እንደነበር ሳልነግራቸው ቀረሁ። ሁለት ዓመት የቆየሁበት ያ የቅጣት መጋዘንም ይናፍቀኛል።

ጋሽ ሙዘይን ሲድን ማሽን መክፈት ስለማይችል እሱንም መጋዘን መደቡት። በመጀመሪያው ሳምንት አላናገረኝም። በሁለተኛው ሳምንት በምሳ ሰዓት አጠገቤ ቦንዳ ላይ ተቀመጠና፣ ወደ በሩ እያየ፣ «አሁን የምርሽን አስተምሪኝ» አለ።

በግራ እጁ ነው የጀመርነው። የብርድ ልብስ መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ በከሰል እንጽፋለን። አንድ ፊደል ስንት ቀን እንደፈጀ አልቆጠርኩም። አሁን «ገባህ?» አልለውም፤ «አሳየኝ» ነው የምለው። አንዳንድ ቀን ተናዶ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነን የቦንዳውን ምልክት ሁሉ ከኔ ቀድሞ ያነብ ጀመር።

አንድ ቀን ለምሳ ሲመጣ ፖስታ ይዟል። ቡታጅራ የተዳረችው የመጀመሪያ ልጁ ሰሚራ የላከችው ነው። አልከፈተውም። «ጎረቤት አላስነበብኩም» አለና በጥርሱ ቀደደው።

ማንበብ ጀመረ። ጣቱን ከቃል ቃል እያሳለፈ፣ አንዳንዱን ሁለቴ እየደገመ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የአማቷ ጤና፣ የዝናቡ ነገር፣ ልጇ መራመድ መጀመሩ። እኔ እንጀራዬን ይዤ ቀረሁ። ወደ መጨረሻው ደረሰ።

«አባዬ» ብሎ አነበበ፣ «ይህን… ደብዳቤ… የሚያነብልህን ሰው… ማን እንደሆነ ባላውቅም… ሰላም በልልኝ።»

ቆመ። ዓረፍተ ነገሩን ለራሱ በከንፈሩ ደገመው። ልጅቷ ማንበብ አለመቻሉን ድሮውንም ታውቅ እንደነበር፣ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት የሰቀለችለት እያወቀች እንደሆነ፣ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ይቆጣል፣ ወይም ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ።

ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሰው በአካል መጥቶ ሰላም ያለው ይመስል፣ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ደርሶኛል፣ ልጄ» አለ።